ፕሮፐርቲ ሲፈተሽ ናል እንዳያሰናክል፦ የአሠራር መመሪያ

የፍተሻ ኮድ የሚጻፈው ከተጠቃሚ፣ ከሌላ ሲስተም ወይም ከዴታቤዝ የመጣ መረጃ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን ለማየት ነው። ስለዚህ መረጃ ጎድሎ ሲመጣ ከሁሉም በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ የነበረበት እሱ ነው፤ በተግባር ግን የናል (ማለትም «ምንም ዋጋ የለም» የሚል ምልክት) ስህተት አዘውትሮ የሚፈነዳው እዚያው ፍተሻው ውስጥ ነው። ፈታሹ የአንድን ኦብጀክት (የተያያዙ መረጃዎችን አንድ ላይ የያዘ ነገር) ፕሮፐርቲ፣ ማለትም በውስጡ በስም የተቀመጠ መረጃ፣ ለመመርመር መጀመሪያ ፕሮፐርቲውን ማንበብ አለበት፣ ለማንበብ ደግሞ ኦብጀክቱ መኖር አለበት፤ በኦብጀክቱ ቦታ ናል ተቀምጦ ከሆነ በኦብጀክቱና በፕሮፐርቲው ስም መካከል ከምትጻፈው ነጥብ ቀጥሎ የሚደረገው ንባብ ሥራውን ያቋርጠዋል፣ ተጠቃሚውም «አድራሻ አልሞሉም» የሚል መልእክት ማየት ሲገባው ቁጥር 500 የሆነ የሰርቨር ስህተት ይደርሰዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው በሲ ሻርፕ የተመሠረቱ ናቸው፤ ጃቫስክሪፕት የተለየ ጠባይ በሚያሳይበት ቦታ ልዩነቱን ለይቼ እጠቅሳለሁ። ለንባብ እንዲቀል የፕሮፐርቲዎቹን ስም በአማርኛ ጽፌአለሁ፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበሉ እነዚህ ስሞች በእውነተኛ ኮድ ውስጥም ይሠራሉ። ናል እና እውነት የሚሉትን የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ግን ወደ ኮድ ሲያስገቡ በየቋንቋው አጻጻፍ መተካት ይኖርብዎታል። የምንፈትሸው መረጃ የአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ትዕዛዝ ነው እንበል፤ ትዕዛዙ ደንበኛ አለው፣ ደንበኛው ስልክና አድራሻ አለው፣ አድራሻው ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ዞን፣ ወረዳና የቤት ቁጥር አለው፣ በትዕዛዙ ውስጥ ደግሞ የዕቃዎች ዝርዝር አለ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ፕሮግራሙ በናል ምክንያት እንዳይቋረጥ ማድረግ የሥራው ቀላሉ ግማሽ ነው፤ ሁለት ምልክት ጨምሮ ማለፍ ይቻላል። ከባዱ ግማሽ ሳይቋረጥ የጎደለ መረጃ እንደ ትክክለኛ ቆጥሮ እንዳያሳልፍ ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የሠራ ሰው የሚጮኸውን ስህተት በማይጮኸው ለውጧል።

ደረጃ 1፦ የትኛው ነጥብ ላይ እንደወደቀ ይለዩ

የሚከተለውን መስመር ይመልከቱ።

ትዕዛዝ.ደንበኛ.አድራሻ.ክፍለ_ከተማ.ርዝመት > 2

በዚህ መስመር አራት ነጥቦች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ በስተግራ ያለው ነገር ናል ሊሆን ስለሚችል ተጠርጣሪዎቹም አራት ናቸው፦ ትዕዛዙ፣ ደንበኛው፣ አድራሻው እና ክፍለ ከተማው። በመጨረሻ የተጻፈው ርዝመት ከተጠርጣሪዎቹ አይቆጠርም፤ ከእሱ በኋላ የሚነበብ ነገር የለምና። በሲ ሻርፕ የሚወረወረው የናል ሪፈረንስ ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ማስታወቂያ) መልእክት ኦብጀክቱ አለመኖሩን እንጂ የትኛው ኦብጀክት እንደሆነ አይናገርም፤ የሚያገኙት የመስመር ቁጥር ብቻ ነው። ጃቫ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በ2020 በወጣው እትም 14 የትኛው ክፍል ናል እንደነበረ በስም የሚጠራ መልእክት ተጨመረለት፣ ከእትም 15 ጀምሮም ይህ ሳይጠየቅ የሚሠራ ሆነ። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሊነበብ የተሞከረውን ፕሮፐርቲ ስም ይሰጣል፤ ክፍለ ከተማን ማንበብ አልቻልኩም ካለዎት የጠፋው በስተግራው ያለው አድራሻ ነው ማለት ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጠው ያነቡትና ሙሉ ቀን ክፍለ ከተማን ሲፈልጉ ይውላሉ።

ሰንሰለቱን በየመስመሩ ለያይተው በጊዜያዊ ቫሪያብሎች ቢያስቀምጡት የመስመር ቁጥሩ ራሱ ተጠርጣሪውን ይነግርዎታል። ስህተቱን ካገኙ በኋላ ተለያይቶ እንዲቀር ቢተዉትም አይጎዳም።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱ ፕሮፐርቲ መጉደሉ ምን ማለት እንደሆነ ይወስኑ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ የኮድ መስመር የማይጻፍበት ስለሆነ ሥራ አይመስልም። እኔ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዤ የምቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮፐርቲ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ባይኖር ትዕዛዙ ስህተት አለበት ማለት ነው፣ ወይስ ጤነኛ ነው፣ ወይስ እንደ ሌላ ፕሮፐርቲ ዋጋ ይለያያል?

የሀገራችን አድራሻ ለሦስተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ አበባ በ11 ክፍለ ከተሞች ስለተከፈለች በአዲስ አበባ ለሚኖር ደንበኛ ክፍለ ከተማ ግዴታ ነው፣ ዞን ግን ትርጉም የለውም። በአማራ ወይም በኦሮሚያ ገጠር ለሚኖር ደንበኛ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዞኑ ያስፈልጋል፣ ክፍለ ከተማው ባዶ መሆኑ ትክክል ነው። እንግዲህ «ክፍለ ከተማ ናል ከሆነ ስህተት ነው» የሚል ደንብ ያወጣ ሰው ገበሬውን ያባርራል፤ «ክፍለ ከተማ ናል ሊሆን ይችላል» ብሎ የተወው ደግሞ «አዲስ አበባ» ብቻ የሚል አድራሻ ተቀብሎ ሞተረኛውን መሐል ከተማ ላይ ያቆመዋል። ትክክለኛው ደንብ ሁለቱን ፕሮፐርቲዎች ያያይዛል፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ፕሮፐርቲ፣ ማለትም ከተማው፣ ናል አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው ደንብ ሊጠየቅ አይችልም።

ስም ላይም እንዲሁ ነው። ከውጭ የተቀዳ ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ የሆነ ፕሮፐርቲ ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ሰው የራሱንና የአባቱን ስም፣ ሲጠየቅም የአያቱን ይሰጣል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የአያት ስም ያልሞላ ደንበኛ አልተሳሳተም፤ ስለዚህ ያ ፕሮፐርቲ ናል ሊሆን የሚችል ተብሎ ይመዝገብ፣ ሙሉ ስሙን የሚያገጣጥመው ሜተድም (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል) ይህን ያውቅ።

ከመረጃው ምንጭ ጋር የሚያያዝ አንድ ልዩነትም አለ። በጄሰን (ሲስተሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) በተላከ መረጃ ውስጥ ፕሮፐርቲው ጭራሽ አለመላኩና ናል ተብሎ መላኩ ሁለት ነገሮች ናቸው። በአዲስ ምዝገባ ጊዜ ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቅም። የነበረ መዝገብ ሲስተካከል ግን አለመላኩ «አትንካው» ማለት ሊሆን ይችላል፣ ናል ተብሎ መላኩ ደግሞ «ሰርዘው» ማለት። ሲስተምዎ ማስተካከያ የሚቀበል ከሆነ የቱ ምን እንደሆነ አሁኑኑ ይጻፉት።

ደረጃ 3፦ ከውጭ ወደ ውስጥ ይፈትሹ

ቅደም ተከተሉ ወላጁ ከልጁ በፊት ነው። ትዕዛዙ አለ? ካለ ደንበኛው አለ? ካለ አድራሻው አለ? ከዚያ በኋላ ብቻ የአድራሻው ዝርዝር ይጠየቃል። በአንድ መስመር ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል።

አድራሻ != ናል && አድራሻ.ወረዳ > 0

ድርብ የሆነው የ«እና» ምልክት የግራው ሐሳብ ሐሰት ከሆነ የቀኙን ጨርሶ አያየውም፤ አድራሻው ናል ሲሆን ወረዳው ሳይነበብ ይቀራል። ነጠላውን ምልክት ከጻፉ ግን ሲ ሻርፕ ሁለቱንም ጎን ያሰላል፣ የናል ጥያቄዎ እዚያው እያለ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሁለቱን ጎኖች አቀያይሮ መጻፍም ውጤቱ ያው ነው። በ«ወይም» ሲጻፍ ጥያቄው ይገለበጣል።

አድራሻ == ናል || አድራሻ.ወረዳ <= 0

ይህኛው ስህተቱን የሚይዝ አጻጻፍ ነው፤ አድራሻው ከሌለ እዚያው ስህተት ብሎ ይቆማል።

ወላጁ ናል ሆኖ ሲገኝ አንድ የስህተት መልእክት መዝግበው ከዚያ ቅርንጫፍ ይውጡ። አድራሻው ለሌለው ደንበኛ «ከተማ አልሞሉም፣ ወረዳ አልሞሉም፣ የቤት ቁጥር አልሞሉም» እያሉ መደርደር አያስፈልግም፤ «አድራሻ አልሞሉም» ይበቃል። ከአንዱ ቅርንጫፍ ወጡ ማለት ግን ፍተሻው አለቀ ማለት አይደለም። አድራሻው ቢጎድልም ስልኩና ዕቃዎቹ ይፈተሹ፤ ተጠቃሚ ፎርም በላከ ቁጥር አንድ አዲስ ስህተት ብቻ ሲነገረው ሦስተኛው ላይ ይተወዋል።

እዚህ ላይ የማን ጥፋት እንደሆነም ይለዩ። ከተጠቃሚ የመጣ ጉድለት በመልእክት ይመለሳል። የራስዎ ኮድ ለፈታሹ ሜተድ ናል አሳልፎ ከሰጠው ግን ያ የፕሮግራመር ስህተት ነውና በሜተዱ መጀመሪያ ላይ ወዲያውኑ ኤክሴፕሽን ይወርውር፤ የሲ ሻርፕ ማስኬጃ መድረክ የሆነው ዶትኔት ከ6ኛው እትም፣ ማለትም ከ2021 ጀምሮ፣ ይህን በአንድ መስመር የሚያደርግ ዝግጁ ሜተድ አለው። ሁለቱን ማደባለቅ የራስን ባግ በተጠቃሚው ላይ ማላከክ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ የጥያቄ ምልክቷን ነጥብ በጥንቃቄ ይጠቀሙ

ሲ ሻርፕ በ2015 በወጣው እትም 6፣ ታይፕስክሪፕት በ2019 በእትም 3.7፣ ጃቫስክሪፕት በ2020 የጥያቄ ምልክትና ነጥብን አንድ ላይ ያደረገውን ኦፐሬተር ተቀብለዋል።

ትዕዛዝ?.ደንበኛ?.አድራሻ?.ክፍለ_ከተማ

ከግራ ያለው ነገር ናል ከሆነ ንባቡ እዚያው ይቆምና የመስመሩ ሁሉ ውጤት ናል ይሆናል፤ በጃቫስክሪፕት ደግሞ ውጤቱ አንዲፋይንድ፣ ማለትም «ዋጋ ጭራሽ አልተሰጠም» የሚል ሌላ ምልክት፣ ነው። ኤክሴፕሽን የለም። ለማሳያ ገጽ፣ ለሎግ፣ ለሪፖርት እጅግ ምቹ ነው። በፍተሻ ኮድ ውስጥ ግን ወጥመድ አለበት፤ ወጥመዱም ከማነጻጸሪያ ምልክቶች ጋር ሲጣመር ነው የሚታየው።

ዕቃ?.ብዛት < 1

ይህን የጻፈ ሰው ያሰበው «ብዛቱ ከ1 ካነሰ ስህተት ነው» ብሎ ነው። በሲ ሻርፕ ግን ናል ከየትኛውም ቁጥር ጋር በማነስ ወይም በመብለጥ ሲነጻጸር መልሱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው። ናል ከ1 አያንስም፣ ከ1 አይበልጥም፣ ከ1 ያንሳል ወይም እኩል ነው ቢባልም አይደለም። ስለዚህ ዕቃው በሌለበት ወይም ብዛቱ ባልተሞላበት ትዕዛዝ ላይ ይህ ጥያቄ «ስህተት የለም» ብሎ ያልፋል። ነጥቧ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ዕቃው በሌለበት ጊዜ ፕሮግራሙ ወድቆ ችግሩ በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር።

መፍትሔው ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ስህተት መሆኑን ከመጠየቅ ይልቅ ትክክል መሆኑን ይጠይቁና ውጤቱን በአሉታ ይውሰዱ።

!(ዕቃ?.ብዛት >= 1)

አሁን ናል ሲመጣ በቅንፉ ውስጥ ያለው ሐሰት ይሆናል፣ አሉታው እውነት ያደርገዋል፣ ስህተቱም ይያዛል። በአጭሩ፣ ትክክለኛነቱ ያልተረጋገጠ ሁሉ ይመለሳል።

በጃቫስክሪፕት ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። ያ ቋንቋ ናልን በማነጻጸሪያ ውስጥ እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ናል ከዜሮ ይበልጣል ወይም እኩል ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እውነት ነው፣ የሚገርመው ግን ናል ከዜሮ ጋር እኩል ነው ሲባል መልሱ ሐሰት መሆኑ ነው። አንዲፋይንድ በተቃራኒው ከማንኛውም ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ሐሰት ይሰጣል። ዋጋው ዜሮና ከዚያ በላይ መሆን አለበት የሚል ደንብ ቢኖርዎት ጭራሽ ያልተላከው ዋጋ ይያዛል፣ ናል ተብሎ የተላከው ግን ያልፋል። በጃቫስክሪፕት ቁጥር ሲፈትሹ ስለዚህ በመጀመሪያ ዓይነቱ ቁጥር መሆኑን ይጠይቁ፣ ከዚያ መጠኑን ያነጻጽሩ።

እውነት ወይም ሐሰት የሚይዙ ፕሮፐርቲዎችም ይህ ጣጣ አለባቸው።

ደንበኛ?.ታግዷል != እውነት

ይህ መስመር ደንበኛው ናል በሆነ ጊዜ «አልታገደም» ብሎ ያሳልፋል። የታገደ ሰውን ለማስቆም የተጻፈ ደንብ የሌለ ሰውን አስገባ ማለት ነው። ከሐሰት ጋር እኩል መሆኑን ቢጠይቁ ናል ውጭ ይቀር ነበር።

ደረጃ 5፦ ምትክ ዋጋ ከፍተሻ በኋላ እንጂ በፊት አያስገቡ

ሁለት የጥያቄ ምልክቶች በግራ ያለው ናል ሲሆን በቀኝ ያለውን ምትክ ይሰጣሉ።

ዕቃ.ብዛት ?? 1

ይህችን መስመር በደንብ አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የሽያጭ ሲስተም ላይ ስሠራ ፍተሻው በናል ምክንያት እየወደቀ አስቸገረኝና ልክ እንዲህ አድርጌ «አስተካከልኩት»፤ ስህተቱ ወዲያው ጠፋ፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ብዛቱን ሳይሞላ የላከ ደንበኛ ሁሉ አንድ ዕቃ እንዳዘዘ ተቆጥሮ እንደነበር የታወቀው መጋዘን ያሉት ሰዎች ሒሳብ አልገጥም ሲላቸው ነው። ፍተሻው አንድ ጊዜም አልወደቀም። ቢወድቅ ይሻል ነበር።

ምትክ ዋጋ የሚፈቀደው በደረጃ 2 ላይ «ባይኖር ጤነኛ ነው» ተብሎ ለተመዘገበ ፕሮፐርቲ ብቻ ነው፤ ያውም ከፍተሻው ካለፈ በኋላ። ለማሳያ «ያልተገለጸ» የሚል ቃል መተካትም ችግር የለውም፣ ያ ቃል ተመልሶ ወደ ዴታቤዝ እስካልገባ ድረስ።

ደረጃ 6፦ ጽሑፍ ሲሆን ባዶውንም፣ ክፍት ቦታውንም አብረው ያዙ

ጽሑፍ በሦስት መንገድ ሊጎድል ይችላል፤ ናል ሊሆን፣ ምንም ፊደል የሌለው ባዶ ስትሪንግ ሊሆን፣ ወይም ክፍት ቦታ ብቻ የያዘ ሊሆን። ዶትኔት ሦስቱንም አንድ ላይ የሚጠይቅ «ኢዝ ናል ኦር ኋይት ስፔስ» የተባለ ሜተድ ስላለው እሱን ይጠቀሙ። ጫፍና ጫፉን የሚያጸዳውን ትሪም የተባለ ሜተድ በቅድሚያ መጥራት ግን ናል ላይ ያወድቃል።

ለአማርኛ ጽሑፍ አንድ የሚታከል ነገር አለ። የቃላት መለያችን ሁለት ነጥብ፣ ማለትም «፡»፣ በዩኒኮድ ምደባ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ክፍት ቦታ አይደለም። ስለዚህ «፡» ብቻ የተጻፈበት የስም ሳጥን ባዶ ተብሎ አይያዝም። ቢያንስ አንድ ፊደል እንዲኖር የሚጠይቅ ደንብ ቢጨምሩ ይህ ቀዳዳ ይደፈናል።

የስልክ ቁጥርን ቅርጽ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍን ቅርጽ በሚገልጽ ቀመር) ሲያረጋግጡ፣ ለምሳሌ ከ251 ቀጥሎ ዘጠኝ አኃዝ መኖሩን ሲያዩ፣ በሲ ሻርፕ ናል ከገባ ኤክሴፕሽን ይወረወራል። ጃቫስክሪፕት ግን ናልን ወደ ጽሑፍ ይለውጠውና «ናል» የሚለውን ቃል አራት የላቲን ፊደላት አድርጎ ይፈትሸዋል። ለስልክ ችግር አይፈጥርም፤ ፊደል ብቻ ይኑርበት የሚል የላቲን ስም ደንብ ከሆነ ግን የሌለው ስም በክብር ያልፋል።

ደረጃ 7፦ ዝርዝሩን፣ ከዚያ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ይፈትሹ

ለዕቃዎች ዝርዝር የሚጠየቁት ሦስት ጥያቄዎች በዚህ ቅደም ተከተል ናቸው፦ ዝርዝሩ ራሱ ናል ነው ወይ፣ ባዶ ነው ወይ፣ በውስጡ ናል የሆነ አባል አለ ወይ። ሁለተኛውን የሚዘሉ ሰዎች «ሁሉም ዕቃዎች ትክክል ናቸው?» የሚለው ጥያቄ በባዶ ዝርዝር ላይ እውነት ብሎ እንደሚመልስ አያስተውሉም፤ ስህተት ያለበት አባል ስላልተገኘ ሁሉም ትክክል ናቸው ተባለ ማለት ነው። ምንም ዕቃ የሌለው ትዕዛዝም ይጸድቃል።

በራስዎ ክላስ ውስጥ የዝርዝሩ ፕሮፐርቲ ኦብጀክቱ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ባዶ ዝርዝር ይዞ እንዲነሣ ያድርጉ፤ ሜተድዎም የሚመልሰው ሲያጣ ናል ሳይሆን ባዶ ዝርዝር ይመልስ። ፈልጎ የመጀመሪያውን የሚያመጣው «ፈርስት ኦር ዲፎልት» የተባለ ሜተድ ግን ሲያጣ ናል ስለሚመልስ ውጤቱ ላይ ወዲያው ነጥብ አይቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ ላይብረሪው ስለ ናል ምን እንደሚያስብ ይወቁ

ዶትኔት ላይ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ፍሉዌንት ቫሊዴሽን የተባለው የፍተሻ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ለአንድ ፕሮፐርቲ በተከታታይ የተጻፉ ደንቦችን ካልከለከሉት በቀር ሁሉንም ያስኬዳል። «ናል አይሁን» ከሚለው ደንብ ቀጥሎ በራስዎ የጻፉት ርዝመት የሚያይ ደንብ ቢኖር የመጀመሪያው ስህተቱን ይመዘግባል፣ ሁለተኛውም ተከትሎ ይጠራና በናል ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው ሲወድቅ እንዲቆም የካስኬድ አሠራሩን (ከአንዱ ደንብ ወደ ቀጣዩ የሚያልፍበትን ምርጫ) ወደ ስቶፕ ይለውጡት። ከላይብረሪው ጋር የሚመጡት እንደ ርዝመትና ኢሜይል ያሉ ደንቦች ግን ናልን በዝምታ ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ ግዴታነቱን የሚናገር ደንብ ለብቻው መጻፍ አለበት።

በውስጥ ላለ ኦብጀክት፣ ለምሳሌ ለአድራሻው ከተማ፣ ከትዕዛዙ ጀምሮ በተከታታይ ነጥቦች ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ደንብ ከጻፉ አድራሻው ናል ሲሆን ኤክሴፕሽን ያገኛሉ። ለአድራሻ የራሱን ፈታሽ ክላስ ይጻፉለትና ከወላጁ ጋር ያያይዙት፤ አድራሻው ናል ከሆነ ላይብረሪው ያንን ፈታሽ ሳይጠራው ያልፋል። አድራሻው ግዴታ ከሆነ «ናል አይሁን» የሚለውን ከፊቱ ማስቀደምዎን አይርሱ።

በክላሱ ፕሮፐርቲዎች ራስ ላይ በሚጻፉት በዴታ አኖቴሽንስም ያው ነው፤ «ሪኳየርድ» ከሚለው በስተቀር እንደ ሬንጅና ስትሪንግ ሌንግዝ ያሉት ናልን ትክክለኛ ይሉታል። «ሪኳየርድ» ደግሞ ናል ሊሆን በማይችል የቁጥር ፕሮፐርቲ ላይ ቢለጠፍ ጥቅም የለውም፤ ያልተላከው ብዛት ዜሮ ሆኖ ይቀመጣል፣ ዜሮም አለ ተብሎ ይቆጠራል። ፕሮፐርቲውን ናል የሚቀበል የቁጥር ዓይነት አድርገው ቢያውጁት ግን መጉደሉ ይታወቃል። ጉድለትን ለመያዝ ለጉድለት ቦታ መስጠት ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ ኮምፓይለሩን ያሠሩት፣ በድንበሩ ላይ ግን አይመኑት

ናል ሪፈረንስን በ1965 አልጎል ደብልዩ ለተባለው ቋንቋ ያስገባው ቶኒ ሆር በ2009 ይህን ሥራውን የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎ ጠርቶታል። ከዚያ ወዲህ ቋንቋዎች ናል መሆን የሚችለውንና የማይችለውን ገና ከአዋጁ እየለዩ መጥተዋል። ኮትሊን ይህን ከመጀመሪያው ይዞ ተነሣ፣ ታይፕስክሪፕት በ2016 በእትም 2.0፣ ሲ ሻርፕ በ2019 በእትም 8 አከሉት። በሲ ሻርፕ ይህን ሲያበሩት ኮምፓይለሩ (ኮዱን ተርጉሞ ለማስኬድ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ናል ሊሆን በሚችል ነገር ላይ ነጥብ ሲቀጥሉ ያስጠነቅቅዎታል። ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት ከፍ ያድርጉት፤ መቶ ቢጫ መስመር ያለበትን ፕሮጀክት ማንም አያነበውም።

የቃለ አጋኖ ምልክት በስሙ መጨረሻ ላይ ለጥፎ ኮምፓይለሩን ዝም ማሰኘት ይቻላል። በፍተሻ ኮድ ውስጥ ይህን ባየሁ ቁጥር ለምን እንደተጻፈ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ቢጫው እንዲጠፋ» ነው።

ይህ ጥበቃ በሲ ሻርፕና በታይፕስክሪፕት ኮድ ሲጻፍ እንጂ ፕሮግራሙ ሲሮጥ አይሠራም። ከውጭ የመጣ ጄሰን «ናል አይሆንም» በተባለ ፕሮፐርቲ ውስጥ ናል ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የዶትኔት የጄሰን ላይብረሪ እነዚህን አዋጆች እንዲያከብር የሚያደርግ ምርጫ ያገኘው በ2024 በወጣው እትም 9 ነው፣ እሱም እርስዎ ካላበሩት አይሠራም። በሲ ሻርፕ 11 የመጣው «ሪኳየርድ» የተሰኘው ቁልፍ ቃልም ፕሮፐርቲው መላኩን ብቻ ያያል፤ ናል ተብሎ ከተላከ ተልኳልና ይቀበለዋል። ስለዚህ መረጃው ከሚገባበት በር ላይ ያለው ፈታሽ ሁሉም ነገር ናል ሊሆን እንደሚችል አድርጎ ይጻፍ፤ ካለፈ በኋላ መረጃው ናል ወደማይቀበል ሌላ ክላስ ይገልበጥ፣ የውስጡ ኮድም ያንን ብቻ ይያዝ። እንዲህ ከተደረገ በውስጠኛው ኮድ የሚረጩት የጥያቄ ምልክቶች እጅግ ይቀንሳሉ።

ደረጃ 10፦ አንድ በአንድ እያጎደሉ ይሞክሩ

ሙሉና ትክክለኛ የሆነ አንድ ትዕዛዝ ያዘጋጁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ፕሮፐርቲ ብቻ ናል አድርገው ለፈታሹ ይስጡት፤ ደንበኛውን፣ አድራሻውን፣ ከተማውን፣ ስልኩን፣ የዕቃዎቹን ዝርዝር፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ፣ የዕቃውን ብዛት። ከእያንዳንዱ ሙከራ የሚጠበቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ኤክሴፕሽን አለመወርወሩ፣ እና የተመለሰው ውጤት በደረጃ 2 ወረቀት ላይ ከጻፉት ጋር መግጠሙ። ኤክሴፕሽን አለመኖሩን ብቻ የሚያይ ሙከራ በደረጃ 5 የተናገርኩትን ዓይነት ጥፋት አይይዝም። እንደ ክፍለ ከተማ ላሉ እንደ ሁኔታው ለሚለያዩት ሁለት ሁለት ሙከራ ይጻፉ፤ አንዱ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ።

በመጨረሻም የትዕዛዙን ቦታ ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርገው፣ ናል የሚለውን በላቲን አራት ፊደል የሆነ ቃል ብቻ የሪኩዌስቱ አካል አድርገው ይላኩ። ይህ ሕጋዊ ጄሰን ነው፤ የጄሰን አንባቢው ያለ ቅሬታ ይቀበለውና ከፈታሹ በፊት የሚያግደው ነገር ከሌለ ለፈታሽዎ ናል ያስረክበዋል፣ በዚያን ጊዜ ገና የመጀመሪያዋ ነጥብ ላይ ምን እንደሚሆን ያዩታል።